ያልተናደው ሁለት ጥማድ

በአንድ ወቅት፣ ከመንደራችን በላይ ባለው ገደላማ ዳገት ላይ፣ ሁለት እህቶችና አንድ ወንድም ይኖሩ ነበር። አስናቁ ታላቅ ናት፤ ይርዳው መካከለኛ፤ ልኬለሽ የመጨረሻ። አባታቸው ሲሞት ዳገቱን ከላይ ወደ ታች በሦስት ሰንጥቀው ተካፈሉት፤ ግራው ለአስናቁ፣ ቀኙ ለይርዳው፣ መካከሉ ለልኬለሽ ሆነ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጥማድ ደረሰ። ሁለት ጥማድ አንድ ቤተሰብ እንደምንም ያበላል፤ ሁለት ቤተሰብ ግን አያበላም። ይህን ያዙልኝ፤ ክርክሩ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ያኔ ሰማዩ ጠባዩን መለወጥ ጀምሮ ነበር። በሰኔ ይገባ የነበረው ዝናብ ሐምሌን አጋምሶ ይመጣል፤ ሲመጣም የወር ድርሻውን በሁለት ቀን ያወርደዋል። የግብርና ባለሙያው፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ወጣት፣ ሰብስቦን ምክንያቱን ነገረን። በሩቅ አገር ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣ ጭስ ምድርን እያሞቃት ነው አለ። ዛፍ ከዚያ ጭስ ይጠጣል፤ ሥሩም አፈር ይይዛል።

ይርዳው እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ ጭሱን የሚያጨሱት ሰዎች ዛፍ የላቸውም?»

«አላቸው።»

«ታዲያ የነሱን ጭስ የነሱ ዛፍ ይጠጣላቸዋ! እኛ ምጣድ የምናሰማበት ጭስ እንኳ አጥተናል።»

ሁላችንም ሳቅን። ባለሙያውም ሳቀ፤ ከዚያ ግን «ሰማዩ አንድ ነው፣ ጋሼ ይርዳው» አለ።

ችግኝ በመኪና እንደሚመጣ ተነገረን። የተራራው አናት የጋራ ስለሆነ እዚያ ይተከላል ተባለ። ከሥሩ ያለው ዳገትም ካልተተከለ ዋጋ የለውም፤ ዳገቱ ደግሞ የሰው እርሻ ነው። «መሬቱን የሚሰጥ አለ?» ሲባል ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

ልኬለሽ ተነሣች። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «የኔን ውሰዱት» አለች።

አስናቁ ነጠላዋን ጎተተቻት። «አብደሻል እንዴ? ምን ልትበዪ ነው?»

«ቦረቦሩ የጀመረው ከኔ ነው፣ እትዬ። ዝም ካልኩት በሁለት ዓመት ያንቺንም የይርዳውንም ይበላዋል። እኔማ ሠርቼ የምበላበት እጅ አለኝ።»

በሳምንቱ ወደ ከተማ ወረደች። እዚያ የሰው ልብስ እያጠበች አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። የመሬት ደብተሩ በስሟ ቀረ፤ ከመሬቱ ግን አንድ እፍኝ እህል አልደረሳትም።

አሁን እኛ የሠራነውን ልንገራችሁ። ችግኙ የመጣው ሥሩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ፕላስቲኩ ተቀዶ መውጣት አለበት። በዚያ ቀን ግን እስከ ስድስት ሰዓት ቁጥሩ ሞልቶ ሪፖርት መሄድ ነበረበት፤ አለቆቹም ከመኪናው አጠገብ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዷ ሳትቀድ ቀበረች። ጎረቤቷ አየቻት፤ እሷም ቀበረች። ረፋዱ ላይ ዳገቱ ሙሉ ሰው ከነፕላስቲኩ ይቀብር ነበር። ጉድጓዱ ሞላ፣ ቁጥሩ ሞላ፣ ተጨበጨበልን፣ ወደ ቤታችን ሄድን። ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። ሥሩ እንደሚታነቅ ግን እናውቅ ነበር።

አስናቁ በማግስቱ ብቻዋን ተመለሰች። የእህቷን መሬት ከታች ጀምራ ችግኙን አንድ በአንድ እየነቀለች፣ ፕላስቲኩን በጥርሷ እየቀደደች፣ መልሳ ተከለችው። ሃያ ሦስት ቀን ፈጀባት። የራሷ ጤፍ ሳይታረም ቀርቶ አረም ዋጠው። ባሏ «የመንግሥትን ሥራ ማን ሰጠሽ?» እያለ ቢጮህባትም አልሰማችውም። በጋው ሲገባ ከወንዙ ውሃ በጀርባዋ እያመጣች አጠጣች፤ አንድ በጋ፣ ሁለት በጋ፣ ሦስት በጋ። በሦስተኛው ወገቧ ጎበጠ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ ሰማይ ለማየት ግንድ መደገፍ አለባት። የአናቱን ግን አልደረሰችበትም፤ እዚያ የተተከለው ሁሉ በዓመቱ ደረቀ። በልኬለሽ መሬት ላይ ወይራውም ጽዱም ብሳናውም ያዘ።

በአምስተኛው ዓመት ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። በስድስተኛውም ቀረ። ሰው መጥረቢያውን አነሣ፤ ከችግኙ በፊት አባቶቻችን የተዉልንን የአናቱን ነባር ዛፍ አክስለን ለነጋዴ ሸጥነው። እሱ ሲያልቅ ዓይናችን ወደ ልኬለሽ መሬት ዞረ።

የጠበቀው ይርዳው ነው። ያ በስብሰባው ላይ የቀለደው ይርዳው። ለምን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም፤ ምናልባት እህቱ ወገቧን ይዛ ስትነሣ አይቶ ይሆናል። ቅጠሉን ቀድመው የሚበሉት የራሱ አሥራ አራት ፍየሎች ስለነበሩ በመጀመሪያ እነሱን ሸጣቸው። ከዚያ ዱላውን ይዞ ዳር ላይ ተቀመጠ።

«ይርዳው!» ይሉት ነበር ሲያልፉ። «ወይራህን ስንት ጊዜ ታልበዋለህ? ጠዋትና ማታ ነው?»

«አንተ ብትሆን ጥጃውንም ታርደው ነበር» ይላል።

አንድ ቀን አያ ቢተው፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ መጥረቢያውን በጋቢው ሸፍነው መጡ። «አንድ ብቻ፣ ልጄ። ቤቴ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ።»

«አንድ ብቻ ሲሉኝ እርስዎ አሥራ አራተኛው ነዎት፣ አያ ቢተው። ይቀመጡና ይረፉ። መጥረቢያውን ግን ከጋቢው አያውጡት።»

ይርዳው የሁለት ዓመት ልጅ ነበረችው፤ በፍየል ወተት የምታድግ። በዚያ ክረምት አረፈች። ረሃብ ብቻውን ነው የገደላት ብዬ አልምልም፤ ደክማ ነበር፣ ትኩሳቱ ሲመጣ የሚቋቋም ሥጋ አልነበራትም። እናቷ ከቀብር መልስ ፊቷን ወደ ይርዳው ሳታዞር ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ይርዳው በአራተኛው ቀን ዱላውን ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ወተት የቀለደበት የለም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የተራራው አናት ተነሣ። ተነሣ ነው የምለው፤ መጀመሪያ ከተኛበት ተነሥቶ የሚቆም ነበር የሚመስለው። የከሰል ጉድጓዶቻችን ከነበሩበት ጀምሮ ወረደ። የአስናቁን እርሻ ከነቤቷ ወሰደው። የይርዳውንም ወሰደው። ቋጥኝ ብቻ ቀረ። ጩኸቱን ሰምተው ሮጠው ስለወጡ እነሱ ተረፉ። መካከል ላይ ሲደርስ ግን ጭቃው ከዛፎቹ ጋር ተላተመና ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ አለፈ። ከልኬለሽ መሬት ሥር ያለነው አሥራ ዘጠኝ ቤቶች በሕይወት ቆየን። ከግራና ከቀኝ ያሉት ስድስት ቤቶች የሉም። ሰባት ሰው ቀበርን፤ ሌሎች ሁለቱን አላገኘናቸውም።

በዳገቱ ላይ የሚታረስ አፈር የቀረባቸው እነዚያ ሁለት ጥማድ ብቻ ናቸው።

ልኬለሽ ሰምታ መጣች፤ ሁለት ልጆችና አንድ ጥቅል ይዛ። መዳፏ በሳሙና ተበልቶ ቀይ ሥጋ ሆኗል፤ ልብስ መጭመቅ አቅቷት ሥራ ካጣች ወራት አልፏል። በመስከረም ሽማግሌዎች ከዛፎቹ ሥር ተቀመጡ፤ በመካከል አያ ቢተው። ከሦስቱ አንዱ መሬቱን ያገኛል፤ ሁለቱ ከነልጆቻቸው አገር ለቀው ይሰደዳሉ። ሌላ መንገድ ተፈልጎ አልተገኘም።

ልኬለሽ ቀድማ ተናገረች። «መሬቱ የኔ ነው። ሰጥቼው ነበር፤ አሁን ልጆቼ ስለራባቸው መልሱልኝ። ቆርጬ እዘራበታለሁ። ዛፍ አይበላም።»

ከዳገቱ ሥር ከምንኖረው መካከል ጉርምርምታ ተሰማ። አንዷ «ብትቆርጪው እኮ እኛን ነው የምትቀብሪን!» አለች።

ልኬለሽ ዞር አለች። «አሥራ አንድ ዓመት በኔ መሬት ተከልላችሁ ስታድሩ፣ ከመካከላችሁ አንድ ቁና እህል የላከልኝ ማነው? እስቲ እጁን ያውጣ።»

እጅ ያወጣ የለም። እኔም አላወጣሁም።

አስናቁ በግንድ ተደግፋ ቀና አለች። «መሬቱ ያንቺ ነው፣ እህቴ፤ አልካድኩም። ዛፉ ግን የኔ ነው። እኔ ነቅዬ መልሼ ባልተክለው ኖሮ ዛሬ የምትከራከሪበት መሬትም ባልኖረ። ለኔ ከሰጣችሁኝ አንድም አልቆርጥም። ቀፎ እሰቅላለሁ፣ ሣር አጭዳለሁ። ልጆቼን አያጠግብም፤ ግማሹን ቀን ጾመን እናድራለን።»

«አምስት ልጅ ነው ያለሽ» አለ ይርዳው።

«አምስት ነው።»

የይርዳው ተራ ደረሰ። «ለኔ ብትሰጡኝ የላይኛውን ዛፍ ትቼ የታችኛውን መንጥሬ አርሳለሁ። ሚስቴም ትመለስ ይሆናል፣ መሬት አለው ቢሏት። የከፈልኩበትን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አፌን ሞልቼ አልናገረውም።» ተቀመጠ።

ባለሙያው ተጠርቶ ነበር፤ አሁን ጢሙ በቅሏል፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ግማሹ ቢቆረጥ ግማሹ ይችላል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። «አይመስለኝም» አለ። «ሁሉም ቢቆምስ?» ተባለ። ወደ አናቱ አየ። «እንደ ዘንድሮው ከሆነ አንድ ጊዜ ይችል ይሆናል። ዝናቡ ግን ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው። ይህች ሁለት ጥማድ የዓለምን ጭስ ጠጥታ አትጨርሰውም። ልዋሻችሁ አልችልም።»

ሁሉም ወደ አያ ቢተው ዞረ። «ናዳው የተነሣው እኔ ካከሰልኩበት ጉድጓድ ነው» አሉ። «ማታ ማታ አየዋለሁ። እኔ በምን አፌ ነው በእነዚህ ልጆች መካከል የምፈርደው?» ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። አጠገባቸው የነበሩት ሁለቱም ሽማግሌዎች ተያይተው ተከተሏቸው። ወንበሩ ባዶ ቀረ።

ሦስቱ እስካሁን እዚያው ናቸው። በሁለቱ ጥማድ ላይ ሦስት ጎጆ ቀልሰው፣ ከሰው በሚደርሳቸው እርጥባን ይኖራሉ። ልጆቹ አብረው ይጫወታሉ፤ ትልልቆቹ አይነጋገሩም። እርጥባኑም እየቀጠነ ነው፤ እኛም ከሌለን ላይ ነው የምንሰጠው። ከሰኔ በፊት አንድ ሰው መፍረድ አለበት።

ይህን በተናገርኩበት ሁሉ ሰው ተጣልቶ ነው የሚለያየው። ደብተሩ የማን ነው የሚል ለልኬለሽ ይፈርዳል። ማን አዳነው የሚል ለአስናቁ ይፈርዳል። ልጅ የቀበረ ሰው ለይርዳው ይፈርዳል፣ ከዚያ ወዲያም አይከራከርም። ከሥር የምንኖረው ደግሞ ለማይቆርጥ ይሰጥ እንላለን፤ ይህን ስንል ስለ ፍርድ ይሁን ስለ ጣሪያችን እኛም አጥርተን አናውቀውም።

እናንተ ከዳገቱ ሥር አትኖሩም፤ የከሰል ጉድጓዱንም አልቆፈራችሁም ይሆናል። እስቲ ፍረዱ። መሬቱን ከሰጠችው፣ ዛፉን ካዳነችውና በልጁ ከከፈለው፣ ሁለቱ ጥማድ የሚገባው ለማን ነው? ለቀሩት ለሁለቱስ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ ስትሏቸው፣ ምን ብላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ?