የወይዘሮ ትርንጎ ጌሾ

በእኛ መንደር ማንም ሳይጠራው የሰው ሥራ ሊያሻሽል የሚነሣ ሰው ሲገኝ፣ ጎረቤቶች ተያይተው የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት ግራ ይጋባል። አይፈረድበትም፤ ወይዘሮ ትርንጎን አላወቃቸውማ።

ወይዘሮ ትርንጎ በሐይቁ ዳር ካሉት ጠጅ ጣዮች አንደኛዋ ነበሩ። ሠርግ እንኳ የሚቆረጠው እሳቸው የሚመቻቸው ቀን ተጠይቆ ነው። የልጃቸው ባል ሽመክት ግን ልቡ ወደ ሌላ መጠጥ አዘነበለ። ከአማቱ ከአቶ ወልደየስ የሽንኩርት ማሳ ላይ ጥግ ለምኖ ወይን ተከለ። መድኃኒት አልረጭም ብሎ ፍግና አመድ ብቻ እየሰጠ፣ ትሉን በዶሮ እያስለቀመ አሳደገው። ሰዉም "ይሄ ሰው የሚያረባው ወይን ነው ዶሮ?" እያለ ሳቀበት።

አቶ ወልደየስ ነገር ማንዛዛት አይወዱም። "የመጀመሪያውን ወይን በጥምቀት ማግሥት እቀምሳለሁ። ደስ ካለኝ መሬቱ ያንተ ነው። ካላለኝ ነቅዬ ሽንኩርቴን እተክላለሁ" አሉት።

ሽመክት ጥቁሩን ዘለላ በእጁ ለቅሞ ጨመቀና ከነልጣጩ በሁለት ጋን ከተተው። ቀለሙም እርሾውም ልጣጩ ላይ፣ ጣፋጩም ጭማቂው ውስጥ ስላለ ስኳርም ማርም አልጨመረም። ጋኖቹ ሲንተከተኩ ሰንብተው ጸጥ አሉ። ያን ጊዜ አጥልሎ መለሰውና "ከዚህ በኋላ መብሰሉ የራሱ ሥራ ነው" ብሎ አፋቸውን በጭቃ መረገ።

ይህ ጸጥታ ወይዘሮ ትርንጎን እንቅልፍ ነሣቸው። እሳቸው ጠጅ ሲጥሉ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ደፍተው ያዳምጣሉ፤ ማጉረምረሙን ካቆመ ምን እንደሚጨምሩለት ያውቃሉ። ሽመክትን ደግሞ እንደ ወለዱት ይወዱታል። ወይኑ ተነቀለ ማለት ልጃቸው ባሏን ተከትላ ከተማ ገባች ማለት ነው። ስለዚህ ሽመክት ገበያ በወጣበት ቀን የአንዱን ጋን አፍ ከፍተው አዳመጡ። ምንም የለም።

"ሞቷል፤ ልጄ አለቀለት" አሉና ማርና ጌሾ ጨምረው መልሰው መረጉት። ሁለተኛውንም ሊያድኑት ነበር፤ ደግነቱ ጌሾው አለቀባቸው።

ቀኑ ደረሰና አቶ ወልደየስ ሽማግሌውን ጎረቤታቸውን አቶ ጓንጉልን አስከትለው መጡ። ሽመክት ምንም ሳያውቅ ጌሾ የገባበትን ጋን ከፍቶ ቀዳላቸው። ድፍርስ ነው። አቶ ወልደየስ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ፊታቸው ተጨማደደ።

"ይህ ምንድን ነው?"

ሽመክትም ቀመሰና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላበጠው።

"እንግዲህ ሽንኩርቴን ላዘጋጅ" ብለው ተነሡ አቶ ወልደየስ።

ጠጃቸው በሐይቁ ዙሪያ የሚወደስ ሴት፣ በሽማግሌ ፊት አበላሸሁ ማለት ቀላል አይደለም። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ባላቸውን ክንዳቸውን ያዙ።

"ቁጭ ይበሉ። ልጁን አይቀየሙት፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"አንቺ? እንዴት አድርገሽ?"

"ዝም ሲልብኝ የሞተ መሰለኝና ጌሾ ጨመርኩበት። ያኛውን አልነካሁትም።"

ሽመክት ሁለተኛውን ከፈተ። ጥርት ያለ ቀይ ወረደ። አቶ ወልደየስ ቀመሱ፤ ቆይተው ደገሙ።

"ጨዋ ነው" አሉ። "አይጮህም፣ ምላስ ላይ አይጣበቅም። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፤ ደግሞ ጣዕሙ ከዋጡት በኋላ ነው የሚመጣው።"

"ሽንኩርቱስ?" አለ ሽመክት ፈራ ተባ እያለ።

"ሽንኩርት ገበያ ሞልቷል፤ ይልቅ ቅዳ።"

ወይዘሮ ትርንጎም ብርጭቋቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። ቀመስ አድርገው አሰቡ፣ እንደገና ቀመሱ።

"መልካም ነው" አሉ፤ "ብቻ ለዓመቱ አንዲት እፍኝ ብናደርግበት..."

አቶ ጓንጉል እየሳቁ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉና "ተይ ትርንጎ፣ ዝም ላለ ወይን ጌሾ አይጨምሩም" አሏቸው።