አባቷ የማለባት ልጅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» ብላችሁ ተቀበሉኝ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ይቺን ተረት ባወራኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ቢሆንም ልትሰሟት ይገባል።

ድሮ፣ ሰው በቃሉ በሚታሰርበት ዘመን፣ ጓንጉልና የሽመቤት የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ተጣሉ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም፤ ተፋቱ። በሬውን ተካፈሉ፣ ላሙን ተካፈሉ። አንጓች የምትባል ሕፃን ነበረቻቸው። ልጅ እንደ ላም አይከፈልም፣ ከእናቷ ጋር ሄደች። የአገሩ ዳኛ አባ ዘገየም «ጓንጉል፣ እህልህን ባስገባህ ቁጥር ለልጅህ ቀለብ ትሰፍራለህ» ብለው ፈረዱ።

«እሺ፣ እሰፍራለሁ» አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

መኸር ደረሰ። የሽመቤት ልጇን አዝላ፣ ባዶ ስልቻዋን ይዛ መጣች።

«የልጅህን ቀለብ።»

«ዘንድሮ ማሽላዬን ወፍ ጨረሰው።»

ባዶ ስልቻዋን ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛው መኸር ደረሰ።

«የልጅህን ቀለብ።»

«ዘንድሮ ማሽላዬን ተምች በላው።»

ከጀርባው ጎተራው ከመሙላቱ የተነሳ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ነበር። እሷም አየችው። ባዶ ስልቻዋን ይዛ ተመለሰች።

በሦስተኛው መኸር አንጓች በእግሯ መጣች። አባቷን ስታይ ሮጣ ጉልበቱን አቀፈችው። እሱ ግን ከላዩ አላቀቃትና «ለመሆኑ ልጄ ነሽ ያለሽ ማነው?» አላት። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዛሬም ያመኛል።

የሽመቤት ጉልበት አልነበራትም፤ የቀድሞ ባሏን ግን ታውቀዋለች። አባ ዘገየ ዘንድ ሄዳ «አባቴ፣ ከእንግዲህ ስፈር አይበሉት፣ ማል ይበሉት። እህሉን ከሚሰጥ ቃሉን ይሰጣል። ያን ጊዜ ልጄን ለሚያበላት አባት እሰጣታለሁ» አለቻቸው።

አባ ዘገየ ሕዝቡን ሰበሰቡ። «ጓንጉል፣ ልጅህ ከሆነች ስፈር። ካልሆነች ማል። ግን አስብበት፤ መሐላ የጎተራ ክዳን አይደለም፣ ሲያሻህ ከፍተህ ሲያሻህ አትዘጋውም።»

ጓንጉል ጎተራውን አሰበ። «ልጄ ከሆነች ቤቴን ጭር ያድርገው!» ብሎ ማለ።

ይኼኔ ባየልኝ የሚባል ንብ አናቢ፣ ሚስቱም ልጁም የሞቱበት የእናቲቱ ጎረቤት፣ ብድግ አለ። በዚያ አገር ወግ፣ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሰው ፊት ልጅ ያጠባ ሰው የጡት አባት ይሆናል፤ ያጠባው ልጅ እንደ ወለደው ይቆጠርለታል። ባየልኝም ጣቱን ማር ነክሮ ዘረጋላት። አንጓች መጀመሪያ ጓንጉልን አየችው። ፊቱን አዞረ። ከዚያ የባየልኝን ጣት ጠባች።

ዘመን ሄደ፣ ዘመን መጣ። ጓንጉል ሌላ ሚስት አገባ፤ አልወለደችለትም፣ ጥላው ሄደች። ማሽላውን ነቀዝ በላው፤ በዚህኛው እንኳ አልዋሸም። ቤቱ ጭር አለ። ማታ ማታ የሚያናግረው ቢያጣ በሬውን ያናግር ጀመር።

አንድ ቀን አንጓች ልትዳር ነው ሲባል ሰማ። አህዮቹን ስንዴ ጭኖ ወደ ሠርጉ ቤት ገሠገሠ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ትስማለችና፣ ከባየልኝ ጎን ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አመቻቸ።

አንጓች መጣች። ጎንበስ ብላ የባየልኝን ጉልበት ሳመች።

«አባ ዘገየ፣ መሐላዬን ያንሱልኝ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል።

አባ ዘገየ በጣም አርጅተው ነበር። «አዬ ልጄ፣ ነግሬህ ነበር እኮ» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

«ይኸው ቀለብሽን አምጥቻለሁ!» አላት ልጅቱን።

አንጓችም ረጋ ብላ «ጋሼ፣ የራበኝ ያኔ ነበር። ዛሬ ጠግቤያለሁ። እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይብሉ እንጂ» አለችው። በገዛ እጇም አጎረሰችውና ወጣች።

ጉርሻው በአፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ መዋጥ አቃተው። ስንዴውን መልሶ ጭኖ፣ ጭር ወዳለው ቤቱ እያለቀሰ ሄደ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እላችሁ ነበር። ዛሬ ዳቦው ይቅርብኝ፤ ስታድጉ ይቺን ብቻ እንዳትረሱብኝ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።