የማር ጉልበትና የገብስ ጉልበት

አንድ ጊዜ ዝናብ ቀርቶ ቆላው ሁሉ በደረቀበት ዓመት፣ ለምለም ሣር የተረፈው በተራራው ጫፍ ባለ አንድ መስክ ብቻ ነበር። እመት አህያ ወደዚያ ልትወጣ ስትነሣ አያ ጅቦ ከተራራው ሥር ባለው ወንዝ ዳር አድፍጦ መንገድ ዘጋባት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ሰምታለችና ባሏን አልተጣራችም፤ በቀጥታ ለንጉሥ አንበሳ አቤት አለች።

አንበሳ ያን ቀን ጠግቦ ስለነበር ለፍርድ ጊዜ አላጣም። በማግስቱ ማለዳ ሁለቱም ከወንዙ ተነሥተው ተራራውን እንዲወጡ በየነ። አህያ ቀድማ ከደረሰች መስኩ የእሷ ይሆናል፣ ጅብም ዳግመኛ ወደዚያ ድርሽ አይልም፤ ጅብ ከቀደመ ግን አህያ ምሳው ናት። ለመንገዱም እያንዳንዳቸው ከግምጃ ቤቱ አንድ ስንቅ እንዲመርጡ ፈቀደላቸው። የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ቀበሮ ነበረች፤ ብዙ የምታውቅ፣ የተጠየቀችውን ብቻ የምትመልስ።

ጅብ ተሽቀዳድሞ ገባ። በአንድ በኩል ማር የሞላበት ቅል፣ በሌላ በኩል ያልተፈተገ ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ስልቻ ተቀምጧል።

«እመት ቀበሮ፣ ፈጥኖ የሚያበረታው የትኛው ነው?» አላት።

«ማሩ» አለችው ሳታመነታ።

ጅብ ቅሉን አንጠልጥሎ እየሳቀ ወጣ። ቀጥላ አህያ ገባች። ፈርታለች፤ ነገር ግን ፍርሃቷ ልቧን አላሳታትም። «እመት ቀበሮ፣ ጫፍ እስክደርስ የማይከዳኝ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ቀበሮ ፈገግ አለችና ስልቻውን ጫነችላት።

ፀሐይ ስትወጣ ጉዞው ተጀመረ። ጅብ የማሩን ግማሽ ግጥም አድርጎ ጠጣና ተፈተለከ። እሱ የመጀመሪያውን አቀበት ሲጨርስ አህያ ገና ከሥሩ ነበረች። አቧራውን አይታ «አለቀልኝ» አለች በሆዷ። መሮጥ አማራት፤ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብላ ተወችው። ገብሷን ከነገለባው እያላመጠች፣ አረማመዷን ሳትለውጥ ሽቅብ ቀጠለች።

ሁለተኛው አቀበት ላይ ደረሰችበት። ጅብ ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። ላቡ ይንጠባጠባል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱም ማሩን ከመጠጣቱ በፊት ከነበረው የባሰ ይጮኻል። መድኃኒቱ ያው ማሩ መሰለውና የቀረውን ልሶ ጨረሰ። እውነትም ጥቂት ቆይቶ በረታ። «ምሳዬ፣ እንዳትዘገዪብኝ» ብሎ እያሾፈባት አልፏት ሄደ። ጫፉ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን ዓይኑ ብዥ አለ፣ እግሩ ከዳውና መንገዱ ላይ ተዘረረ።

አህያ በአጠገቡ ስታልፍ ሊነክሳት አፉን ከፈተ፤ መልሶ የሚዘጋበት ጉልበት ግን አልነበረውም። እሷ ጫፉ ላይ ወጥታ አናፋች፤ ደስታዋን ቆላው ሁሉ ሰማላት።

አንበሳና ቀበሮ እዚያው ይጠብቁ ነበር። ጅብ እየተንፏቀቀ ደረሰና ቀበሮን ተቆጣት። «ዋሽተሽ ቆሽቴን አሳረርሽው» አላት።

«ቆሽትህማ ዛሬ ደክሟል፣ አያ ጅቦ» አለችው። «ማር አኝኩኝ አይልም፤ ወዲያው ደም ውስጥ ይገባል። ስኳሩ በአንዴ ሲጎርፍ ቆሽት ደንግጦ ኢንሱሊን የሚባለውን በረኛ በብዛት ይሰዳል። በረኛው ስኳሩን ከደም እያነሣ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል። እንዲህ ተግተልትሎ ሲመጣ ግን ከልኩ በላይ ጠርጎ ያስገባና ደምህን ያራቁትብሃል። ያን ጊዜ ትርባለህ፣ ትንቀጠቀጣለህ። ገብስና ሽምብራ ከነገለባቸው ሲበሉ ሆድ ውስጥ በዝግታ ይፈጫሉ። ስኳራቸው በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፣ በረኛውም በልኩ ይወጣል። እሷን ያደረሳት ይኸው ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈጥኖ የሚያበረታውን ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። እስከ የት እንደሚያደርስ አልጠየቅኸኝም።»

አንበሳ ሳቁ መጣበት፤ መስኩንም ለአህያ ፈረደላት። አህያ ሣሩን አንዴ ገመጠችና ተመልሳ፣ ከስልቻዋ የተረፈውን ገብስ ጅቡ ፊት አፈሰሰችለት።

«ይኸን አላምጥና ውረድ» አለችው። «ከመስኬ እስክትርቅ ያደርስሃል።»

ከዚህ የምንማረው ፈጥኖ የመጣ ጉልበት ፈጥኖ ስለሚሄድ፣ ስንቅ ስንመርጥ ምላሳችንን ብቻ ሳይሆን የመንገዳችንንም ርዝመት ማማከር እንዳለብን ነው።