በሞተሩና በጎማው መሃል

አንድ የቆላ መንደር ነበር። መንደሩ ከዳገት ሥር፣ ሐኪም ቤቱ ከዳገቱ አናት። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ትቀር ነበርና ነዋሪው አዋጥቶ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዛ። ሾፌርነቱ ይመኙሻል ለምትባል ሴት ተሰጠ። ቁልፉን ግን የመንደሩ ሽማግሌ አያ ቢሻው ያዙት።

መኪናዋ ዳገት አልሆነላትም። ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ ለኋላ ጎማ የሚያደርስ ሻፍት የሚባል ረጅም ዘንግ አላት። ይህ ዘንግ በተሰነጠቀ ቁጥር የመንደሩ ሰው ብረት እየደረበ ያስበይድበታል። መቼም ሰው ሲባል ከባድ ነገር ሁሉ ጠንካራ ይመስለዋል። ዘንጉ እየከበደ ሄደ፤ ሲሽከረከርም መኪናዋን እንደ ወባ በሽተኛ ያንቀጠቅጣታል። አንድ ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ ለሁለት ተሰበረና አንዲት እናት እዚያው ከነልጇ አለፈች። ይመኙሻል አልቅሳ ስታበቃ፣ «ሁለተኛ በኔ እጅ አንዲትም ሴት መንገድ ላይ አትቀርም» ብላ ማለች።

ከተማ ወጥታ ጋራዥ ለጋራዥ ዞረች። ከአሉሚኒየም የሚሠራ ቀላል ሻፍት እንዳለ ሰምታ ለመንደሩ ብትነግር አያ ቢሻው ሳቁባት።

«አንቺ ልጅ፣ ብረት ያቃተውን ድስት የሚሠራበት ነገር ሊችለው?»

«አያ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ሻፍቱ አይደለም። የሱ ሥራ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው ማቀበል ነው። ራሱ ከከበደ ከሚያቀብለው ላይ ለራሱ ይበላል።»

«ቢሰበርስ?»

«ከተሰበረ ሾፌርነቱን ለሌላ ስጡት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሰዉ ብረቱን አልለቅ አለ። እሷም አልለቅ አለች። ዛሬ ቢያባርሯት ነገ ትመለሳለች። በመጨረሻ ሰለቻቸውና እሺ አሏት። አዲሱ ሻፍት ሲመጣ ከድሮው ይወፍራል፤ ነገር ግን አያ ቢሻው በአንድ እጃቸው አነሡት። እንዳላመኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተገጠመ፤ መኪናዋም ዳገቱን ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ወጣችው። መንደሩ እልል አለ።

ብዙም ሳይቆይ ስንዱ የምትባል ወጣት ምጥ ያዛት። ይመኙሻል ይዛት ወጣች። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ስንዱ ተረፈች፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ሐኪሙ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ» አለ።

በማግስቱ ስንዱን ሊያጽናና በተሰበሰበው ሰው መሃል አያ ቢሻው ይመኙሻልን ጠሯት። «ይኸው፣ ነግሬሽ ነበር። ቀላል ነገር ለቁም ነገር አይሆንም።»

ይመኙሻል ደሟ ፈላ። ቢሆንም ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰች። «አያ፣ መኪናዋ ዳገቱ ላይ አልዘገየችም። የስንዱ ባል ጎህ ሲቀድ ደጅዎ ደርሷል። እርስዎ ሽማግሌ ካልተሰበሰበ ቁልፍ አይወጣም አሉ። ሽማግሌው እስኪሰበሰብ፣ ነገሩ እስኪሰማ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ረፈደ። ሻፍቱን አቅልለነዋል። አሁን በሴቲቱና በመኪናዋ መሃል የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው አይነገርም፤ ያውም በሰው ፊት። አያ ቢሻው ይቆጣሉ ሲባል ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እኔ መንደሩን የተሸከምኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እናንተ ኖራችኋል የተሸከማችሁኝ» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ይመኙሻል ቤት ያድራል፤ ባል የሚያንኳኳውም የሷን በር ነው።

ወዳጆቼ፣ ባለጉዳይንና ጉዳዩን ለማገናኘት መሃል የቆመ ሁሉ፣ ሽማግሌም ይሁን አለቃ፣ ጸሐፊም ይሁን ዘበኛ፣ ሥራው ማድረስ ነው። ጠንካራ ይሁን፤ ግን አይክበድ። እኛ ግን ጥፋት ባየን ቁጥር አንድ ደንብ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ «ነገ ና» እንጨምርበታለን፤ ሥራው ሲንቀጠቀጥም ሞተሩን እንረግማለን። እስቲ ዛሬ ደጃችን ላይ አቁመን ያስጠበቅነውን ሰው አንድ ጊዜ እናስበው። ቤቱ ማንን በምን ሁኔታ ትቶ እንደመጣ ጠይቀነዋል?