በእጅ የሚወጣው መደብ

በጨፌ አምባ አጥቢያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ፣ ስንዴ ከተዘራ በኋላ በሬው ይፈታና ሴቶች ማሳው ውስጥ ይገባሉ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ከግራና ከቀኝ በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ያወጣሉ፤ ውሃውም በመደቦቹ መካከል መውረጃ ያገኛል። ዶማ የሚባል አይነካም። ለምን ቢባል፣ ሽማግሌዎቹ ነገሩን የሚያነሡት ወርቅያንጥፉ ከምትባል ሴት ነው።

ድሮ፣ ይላሉ፣ ይህ መረሬ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ስለሚተኛበት፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ከሚዘራበት ጓያ በቀር የሚያበቅለው አልነበረም። ስንዴ የሚሆነው ከላይ ያለው ቀይ አፈር ነበር። ወርቅያንጥፉ ባሏ ሲሞትባት፣ ዘርጋው የሚባለው የባሏ ወንድም ቀዩን ለራሱ ወስዶ መረሬውን ለእሷ ተወላት። መሬት የያዘ ሁሉ ግን በየዓመቱ ለቁርባን የሚሆን መገበሪያ ስንዴ ለደብሩ ማስገባት ነበረበት፤ ያላስገባ መሬቱን ይለቃል። እሷ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣች ስለነበረች፣ በጀርባዋ ካዘለችው ሕፃን ሌላ ሰው አልነበራትም ይባላል።

የደብሩ ገበዝ አዝነው በበሬያቸው አሳረሱላትና ስንዴዋን ዘራች። ዘሩ ገና ሳይበቅል ዝናቡ በረታ፤ ማሳው ኩሬ መሰለ። እንደሚነገረው፣ በሰንበት ከቅዳሴ ወጥታ ባሏ መቃብር ዘንድ ስትቀመጥ፣ ዙሪያው ረግረግ ሆኖ ሣሩ ወይቦ ሳለ የመቃብሩ ጉብታ ግን ለምልሞ አየች። ውሃው ጉብታውን ትቶ በግርጌው ይወርድ ነበር። ከዚያ ዘርጋው ቤት ሄዳ ዶማ አውሰኝ አለችው።

«ምን ሊሆንሽ ነው እቴ፤ ውሃ በዶማ አይታረም» አላት። «አርፈሽ አገርሽ ግቢ።»

በማግሥቱ አፈሩን በእጇ እየዛቀች መደብ ማውጣት ጀመረች። ጎረቤቷ እንስራ ተሸክማ ስታልፍ አየቻትና ሳቀች፦ «አንቺ፣ ይሄ ሁሉ መቃብር ለማን ነው?»

«ለውሃው» አለቻት፣ ቀና ሳትል።

የረዳት የለም። ጭቃው ከጥፍሮቿ ስር ስለማይለቅ፣ ማታ ሕፃኑን በክንዷ እንጂ በመዳፏ አትዳስሰውም ነበር ይባላል።

በመኸር ስንዴው በየመደቡ ቆመ፤ መገበሪያውን አስገባች፤ መሬቱም ረጋላት። በሚቀጥለው ክረምት፣ ወንዶቹ ጠይቆ መማር ስለከበዳቸው ሚስቶቻቸውን ላኩ። የዘርጋውም ሚስት፣ ያቺ ጎረቤቷም ነበሩበት።

«አሳያችኋለሁ፤ ብቻ ከእኔ ማሳ ጀምሩ» አለቻቸው።

«ያንቺን እንኳ ብቻሽን ትችይዋለሽ፤ አይተናል እኮ» አለች ጎረቤቷ።

«እችለዋለሁ» አለችና ከፊት ወደ ማሳዋ ገባች፤ እነሱም ተከተሏት።

ከዚያ ወዲህ በጨፌ አምባ የዓመቱ የመጀመሪያ መደብ የሚወጣው ወንድ ከሌለበት ቤት ማሳ ላይ ነው። ብዙ ወሬ አይወራም። ባለማሳዋ ከፊት ትገባለች፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ አንዷም ዳር ቆማ ልጇን ትይዝላታለች። ዘንድሮ የተጀመረው ከእኔ ማሳ ነው።