ከአጥር አራት እርምጃ

ጋሽ ይርዳው፣ ለጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ታሪክ ልንገርዎ፤ አንድ ሰው ነበረ፤ ከተማ ውስጥ፣ በጠባብ ግቢ ዶሮ የሚያረባ። የሰፈሩ ደንብ የዶሮ ቤት ከጎረቤት አጥር አራት እርምጃ ይራቅ ይላል። ደግሞም ዶሮ የታመመበት ሰው በሩን ዘግቶ ለጎረቤት ይንገር፣ የታመመውንም ከግቢው አያውጣ ይላል። ሰውየው ግን «ከቆርቆሮ አጥሩ ወዲህ ያለው መሬት የእኔ ነው፤ ደንብ አጥር ዘሎ ምን ይሠራል?» ብሎ የዶሮ ቤቱን ከአጥሩ ጋር አጣብቆ ሠራው።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር። ባለፈው ዓመት ፈንግል የሚሉት በሽታ ዶሮዎቿን ፈጅቶባት የተረፈቻት አንዲት ብቻ ናት። ያቺው አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ሃያኛ ቀኗን ይዛለች። እነዚያ ካልተፈለፈሉ ባልቴቷ እንደገና የምትጀምርበት የላትም።

አንድ ጠዋት ሰውየው ሦስት ዶሮዎቹን አንገታቸውን ደፍተው አገኛቸው። ምን እንዳደረገ ይገባዎታል፣ ጋሽ ይርዳው፤ ሁላችንም የምናደርገውን ነው። «ሳይሞቱ ይሸጡ» ብሎ እግራቸውን አሰረና በዘንቢል ሸፍኖ ወጣ። ባልቴቷ ደጇ ላይ ቆማ ነበር።

«አንተ የዶሮ አባት፣ ና እስቲ ጉድ ስማ።»

«እቸኩላለሁ፣ እትዬ።»

«ገበያው አይሸሽህም፤ ና ብዬሃለሁ።»

ዘንቢሉን መንገድ ላይ አስቀምጦ ከደፉ ቆመ። ባልቴቷ አንድ እንቁላል ከዶሮዋ ሥር አውጥታ ጆሮው ላይ አስጠጋችለት። እንቁላሉ ገና አልተሰነጠቀም። ከውስጡ ግን ቀጭን ድምፅ ይሰማል። እናቲቱ ከእንቅቡ ሆና ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልሳለች። ውስጥ ያለው ዝም ይልና፣ ስትጠራው እንደገና ይናገራል። ሰውየው ትንፋሹን ያዘ። ዕድሜውን ሁሉ ዶሮ አርብቶ፣ ያልተወለደ ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«እንካ፣ በእጅህ ያዘው» አለችው።

ያን ጊዜ እጁን አየ። የታመሙት ዶሮዎች ኩስ ደርቆበታል። ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደብቆ አፈገፈገ።

«አያስጠጉኝ፣ እትዬ። ፈንግል ቤቴ ገብቷል።»

ባልቴቷ እንቁላሉን በነጠላዋ ሸፈነች። «እና ዘንቢሉ ወዴት ነበር?» አለችው።

ዘንቢሉን ይዞ ተመለሰ፤ በሩን ዘጋ፤ ሦስቱንም አርዶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበራቸው። ሲመሽ የዶሮ ቤቱን ነቅሎ ከአጥሩ አራቀ። በማግስቱ ከማዶ የጫጩቶች ድምፅ ሰማ። አልሄደም፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ አዳመጠ።

ጋሽ ይርዳው፣ «በገዛ ግቢዬ ደንብ ምን አገባው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ ብዙ ሺህ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጫጩቱ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሲገርመኝ ዋለ። የእርስዎም ቆርቆሮ እንደዚያው ነው። ሲያዩት ዝግ ነው፤ ጎርፉ፣ ዝንቡ፣ የጫማዎ ጭቃ ግን ያልፉታል። እስቲ ደንቡን ከመሳደብዎ በፊት ጆሮዎን ከቆርቆሮው ያስጠጉ፤ ማዶ ሰው ሲተነፍስ ይሰማሉ።