ከኮረብታው ጀርባ ምን አለ?

ስሙኝማ፤ አፋችሁን ዝጉና ጆሯችሁን ክፈቱ።

ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። በባቡር ባለፈች ቁጥር አንድ ኮረብታ ታያለች፤ ከጀርባው ያለውን ግን አታይም። ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ጎረቤቶቿ «ሰው ድንጋይ ለማየት አገር ያቋርጣል?» ብለው ሳቁባት። እሷ ስንቋን ቋጥራ በማታው ባቡር ተሳፈረች። ጠዋት ልትወጣ፣ ማታ ልትመለስ። ፀሐይ ከበረታ ያ ኮረብታ እግር አያስረግጥም።

ሊነጋጋ ሲል፣ ጣቢያው ሳይደርስ፣ ባቡሩ ቀጥ አለ።

«ምነው ባቡር፣ ሂድ እንጂ» አለችው።

«ግመል ሐዲዱ ላይ ተኝታ በየት ልሂድ?»

ወረደች። «እሜቴ ግመል፣ ተነሺ፤ ባቡሩ ይሂድ፣ እኔም ኮረብታዬን ልውጣ።»

ግመሏ እያመነዠከች «ልጄ ከቁጥቋጦው ሳትወጣ?» አለች።

ወደ ቁጥቋጦው ሄደች። «ነይ ውጪ፤ እናትሽ ትነሳ፣ ባቡሩ ይሂድ፣ እኔም ኮረብታዬን ልውጣ።»

ግልገሏ «ውሻው እየጮኸብኝ?» አለች።

«አንተ ውሻ፣ ዝም በል፤ ግልገሏ ትውጣ፣ እናቷ ትነሳ፣ ባቡሩ ይሂድ፣ እኔም ኮረብታዬን ልውጣ።»

«ጌታዬ በቃህ ሳይለኝ?»

ጌታው፣ አባባ ሙሜ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፉርጎውን ከላይ እስከ ታች ይቃኛሉ። «አባባ፣ ውሻውን በቃህ ይበሉት፤ ዝም ይበል፣ ግልገሏ ትውጣ፣ እናቷ ትነሳ፣ ባቡሩ ይሂድ፣ እኔም ኮረብታዬን ልውጣ።»

«አልልም። ዕድሜዬን ሙሉ ይሄ ነገር በፊቴ ያልፋል። ውስጡን ሳላይ ልሞት ነው እንዴ?»

ትርንጎ ሳቋ መጣ፤ በሽታውን ታውቀዋለች። ወደ ትኬት ተቆጣጣሪው ዞረች። «ወንድሜ፣ አባባ ይግቡ፤ ውስጡን ይዩ፣ ውሻውን በቃህ ይበሉት፣ ውሻው ዝም ይበል፣ ግልገሏ ትውጣ፣ እናቷ ትነሳ፣ ባቡሩ ይሂድ፣ እኔም ኮረብታዬን ልውጣ።»

«ያለ ትኬት እንኳን እሳቸው፣ ዝንብም አይገባም» አለና ክንዱን በሩ ላይ ዘረጋ።

የኮረብታው ጫፍ በንጋት ፀሐይ ቀልቷል። «አባባ፣ ከዚህ ወደ ላይ መንገድ አለ?»

«ግመሏን መከተል ነዋ። ቤታችን ከጀርባው ነው። እዚያማ...»

«አይንገሩኝ» ብላ ትኬቷን እጃቸው ላይ አኖረች። «ወንበሬ በመስኮቱ በኩል ነው።»

ተቆጣጣሪው ትኬቱን ገለባበጠው። ትኬት ትኬት ነው፤ ክንዱን አጠፈ። አባባ ገቡ፣ አዩ፣ በመስኮቱ «በቃህ» አሉ፤ ውሻው ዝም አለ፣ ግልገሏ ወጣች፣ እናቷ ተነሳች፣ ባቡሩ ሄደ፣ ትርንጎም ግመሏን ተከትላ ኮረብታዋን ወጣች።

ጫፉ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች። ኩሬ፣ ኩሬውን የከበቡ ግመሎች፣ አንድ ጎጆ፣ ደጃፉ ላይ ግመል የምታልብ አሮጊት። ስትወርድ አሮጊቷ ግመሏን አየች፣ ውሻውን አየች፣ እንግዳዋን አየች።

«ሽማግሌዬስ?»

«ባቡሩ ውስጥ ናቸው።»

«ገባ በይኛ» አለች አሮጊቷ። የወተቱን ዕቃ አስቀምጣ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ ቁጭ በይ። እሱ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ውስጡ ምን ይመስላል?»

ተረቱ እዚህ ይወርዳል፤ መንገደኞች ቀጥሉ።